ሦስተኛው ማውስ

እውነተኛ ስሟ የሚታወቀው በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ ኤጬ ናት። በዚያ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆና ከተቀጠረች ጀምሮ የሰው ኪቦርድ ገልብጣ ባራገፈች ቁጥር «ኤጭ!» ስለምትል፣ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ እሷው ላይ ተለጠፈ። ተጸያፊ ናት። በሰው ብርጭቆ አትጠጣም፤ በር የምትከፍተው በክርኗ ነው። እናቷ «አንቺ ልጅ፣ ነገ ስታገቢ የባልሽን ካልሲ በምን ልታነሺው ነው?» ስትላት «ካልሲ የማያደርግ ፈልጊልኛ!» ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው ይህን ሥራ ምን አስመረጠው ቢባል፣ ማሽን ትወዳለች፤ የምትጠላው ሰው የነካካውን ነው። ሰው ያልነካካው ማሽን ደግሞ አይበላሽም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከሦስተኛ ፎቅ ተደወለላት። ኃላፊው ነው።

«ማውሱ ዛሬም ተበላሽቷል። ያው ያቺ ሴትዮ ናት። ፎርሙን ይዘሽ ነይ» ብሎ ዘጋው።

«ያቺ ሴትዮ» ያላቸው ጸሐፊዋን ነው። ሀምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ፎቁ በሙሉ እትዬ ይላቸዋል። ኃላፊው ብቻ፣ በስንት ዓመት እየበለጡት፣ አንቺ ይላቸዋል። እትዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጽሕፈት አንድ ወቀሳ ደርሷቸው አያውቅም ነበር። በዚህ ዓመት ግን ሁለት ማውስ እጃቸው ላይ ሞቶ፣ «ንብረት በግዴለሽነት በማበላሸት» የሚሉ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ማህደራቸው ውስጥ ገብተዋል። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሦስተኛው ማሰናበቻ ነው። ጡረታቸው ሁለት ዓመት አልቀረውም።

ኤጬ ስትደርስ እትዬ ቆመው ጠበቋት። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ ጠረጴዛ፣ የፋይል መደርደሪያና ወደ ኃላፊው ቢሮ የሚያስገባ በር። ከበሩ ሥር የኃላፊው ሽቶ ይወጣል፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ የጣፈጠ ሽታ።

«ዓርብ ከምሳ በፊት ደህና ነበር» አሉ እትዬ። «ከምሳ ስመለስ ግራው ቁልፍ እምቢ አለኝ። ስጫነው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ አንዴ ተጭኜው ሁለቴ ይከፍታል። ቀኙ ይሠራል።»

ኤጬ ጓንቷን አጠለቀች። ገመዱን ነቅላ ሌላ መሰኪያ ላይ ሰካችው፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ግራና ቀኙ ተቀያይሮ እንደሆነ ብላ ሴቲንጉን አየች፤ አልተቀያየረም። ከቦርሳዋ የራሷን ማውስ አውጥታ ሞከረች፤ እንደ ልቡ ሠራ። የታመመውን ደግሞ የራሷ ላፕቶፕ ላይ ሰካችው፤ እዚያም ግራው ደነቆረ። እንግዲህ ጥፋቱ የማውሱ ነው፣ የኮምፒውተሩ አይደለም።

በፊት ሁለቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ነበር ያቆመችው። ማውሱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ላስቲክ ውስጥ ከትታ፣ ፎርሙ ላይ «የአጠቃቀም ጉድለት» በሚለው ፊት ምልክት አድርጋ ፈርማ ሄደች። አልከፈተችውም። ጠርዙ ላይ የተጋገረውን ቡናማ ቅባት፣ በመሽከርከሪያው ስንጥቅ ውስጥ የቆመውን እድፍ ስታይ ፊቷን አዞረች። ውጪው እንዲህ ከሆነ ውስጡን አያሳየኝ አለች።

አሁንም ልትፈርም እስክሪብቶ አውጥታ ነበር። ግን ለምትክ ግምጃ ቤት ስትደውል ንብረት ጠባቂው «ማውስ? እንኳን ማውስ ገመዱም የለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሞክሪ» አላት። ስለዚህ መጠገን ግድ ሆነ። ጽድቅ አስባ አይደለም፤ መውጫ አጥታ ነው።

ነጭ ወረቀት አነጠፈች፣ ማውሱን ገለበጠች፣ ብሎኑን በትንሿ ካቻቢቴ ፈታች። ሽፋኑ ሲላቀቅ «ጭቅ» የሚል የሙጫ ድምፅ አወጣ።

«ኤጭ!»

ፀጉር አለ። በአቧራ ተድቦልቡሎ እንደ ሞተ ነፍሳት የተጠቀለለ ፀጉር። ዘይት የነካው ፍርፋሪ አለ። ከመካከሉ ግን ሌላ ነገር አየች፤ መጀመሪያ የሱፍ ቅርፊት መሰላት። በወረንጦ አንስታ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ጎባጣ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ጥቁር መስመር አለው።

ጥፍር ነው። የሰው ጥፍር ቁራጭ።

አንድ አይደለም። በመሽከርከሪያው ጎን ባለው ክፍተት እየገቡ አሥራ አንድ ተከማችተዋል። አንዱ ከግራው ቁልፍና ከሥሩ ካለው ስዊች መሃል ተሰንቅሯል። ቁልፉ እንዳይወርድ ይዞት የነበረው እሱ ነው። የኤጬ ምራቅ አፏ ውስጥ ሞላ፤ ልትውጠውም ልትተፋውም አልቻለችም።

«የኔ አይደለም፣ ልጄ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው፤ እጃቸውንም ዘረጉላት። ጥፍራቸው እስከ ሥጋው ተቆርጧል። «በታይፕ ዘመን ጥፍር ያሳደገ ፊደል ይስታል እየተባልን ነው የተማርነው።»

«ታዲያ የማነው?»

እትዬ ወደ ውስጠኛው በር አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምሳ ስወጣ ወንበሬ ላይ ይቀመጣል። እሱ ቢሮ ምንጣፍ አለ፣ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽበት ጥፍሩን እዚህ ይቆርጣል። እኔ መጥቼ እጠርጋለሁ። ወረቀት መሃል አገኛለሁ። አንዴ ሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ አግኝቻለሁ» አሉ።

«እትዬ! ለምን አልተናገሩም?»

«ለማን? አለቃዬ ጥፍሩን ይቆርጥብኛል ብዬ አቤቱታ ልጻፍ? ማውሱ ውስጥ ይገባል ብዬ ደግሞ በሕልሜም አላሰብኩም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የኔ ነገር።»

በሩ ተከፈተ። ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ሽቶውን አስቀድሞ ወጣ። ወረቀቱን አየ። ዓይኑ ለአንዲት ቅጽበት ወደ ገዛ እጁ ወረደና ተመለሰ።

«ምንድን ነው ይሄ ቆሻሻ?»

«ማውሱ ውስጥ የነበረ ነው። ያበላሸው ይሄ ነው» አለች ኤጬ።

«ድፊውና ፎርሙን ሙይልኝ። እንደ በፊቱ።»

«እንደ በፊቱ እንኳን…»

«ኮንትራትሽ የሚታደሰው በመጪው ወር አይደል?» አለ ፈገግ ብሎ። «ኮሚቴው ውስጥ አለሁበት። ጎበዝ ልጅ እንደሆንሽ እነግራቸዋለሁ።» ይህን ብሎ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። ትኩስ የተቆረጡ አምስት ጥፍሮች ከአገጯ አጠገብ ተደረደሩ። ቆዳዋ ከሸሚዟ ሥር ሸሸ።

«ከሰዓት አመጣዋለሁ» አለችና ወረቀቱን ከነጥፍሩ አጥፋ ወጣች።

ምድር ቤት ግምጃ ቤት ገብታ የተጣሉ ዕቃዎችን ካርቶን አስወጣች። እነዚያ ሁለት ማውሶች በላስቲካቸው ነበሩ፤ በየላስቲኩ ላይ «የአጠቃቀም ጉድለት» የሚል የራሷ ጽሕፈትና የራሷ ፊርማ አለ። ከፈተቻቸው። በአንደኛው ሰባት፣ በሁለተኛው አራት። ከአራቱ አንዱ ሰፊና ቅርፊት የመሰለ ነበር፤ የእግር ነው። ሰውየው ጫማውን አውልቆ፣ እትዬ ጠረጴዛ ላይ እግሩን ሰቅሎ ታያት። ይህን ሁሉ ቻለችው። ከሥሩ ፊርማዋን፣ ያቺን ጭራዋ ወደ ላይ የተጠቀለለች ቆንጆ ፊርማዋን ስታይ ግን አልቻለችም፤ ጥግ ካለው ባልዲ ላይ ተደፍታ አስመለሰች። ንብረት ጠባቂው «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አላት። ጥፍሮቹን አሳየችው። ለምሳ የገዛውን ዳቦ መልሶ ጠቀለለው።

የጻፈችው ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ማውሶቹን የገደላቸው የሰው ጥፍር መሆኑን፣ የጸሐፊዋ እንዳልሆነ፣ የቀደሙት ሁለት ሪፖርቶቿ ማውሶቹን ሳትከፍት የሞላቻቸው በመሆናቸው ሐሰት መሆናቸውን አስቀምጣ ፈረመች። ሃያ ሁለቱንም ጥፍር በሦስት ትንንሽ ላስቲክ ለይታ በስፒል አያይዛ ሰው ኃይል አስተዳደር አስገባች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሪፖርቱን ሳታነብ የማውስ ስባሪ መስሏት አንዱን መዳፏ ላይ ዘረገፈችው፤ ጩኸቷ እስከ መኪና ማቆሚያው ተሰማ ይባላል።

ውሳኔው ለመምጣት አሥር ቀን ፈጀ። የእትዬ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ተነሡ። ምክንያቱ «ባዕድ ነገር በመግባቱ» ተባለ። ባዕዱ ነገር የማን እንደሆነ ማንም አልጻፈም። ኃላፊው በቃል ተመከረ፤ እሱም ቢሆን ሻይ እየተጠጣ። የኤጬ ኮንትራት በዓመት ፋንታ ለስድስት ወር ታደሰ።

ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ኤጬ ማውሱን በአልኮልና በጥጥ አጥባ፣ ገጣጥማ ለእትዬ ወሰደችላቸው። እትዬ ግራውን ቁልፍ ሦስት አራቴ ሞከሩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ያኔ፣ መጀመሪያ ላይ፣ ለምን አልከፈትሽውም?»

«ተጸየፍኩ፣ እትዬ።»

«ማውሱን ነው ወይስ እኔን?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ውሸቱም አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ሁሉ ቅባትና እድፍ የአሮጊቷ ነው ብላ፣ በልቧ «ሲያረጁ እንዲህ ነው» ብላ ነበር የፈረመችው።

«እርስዎን» አለች።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲያ በይ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ሰላምታዋን በአንገታቸው ብቻ ይመልሱላት ነበር። ኤጬም አልተቀየመችም፤ ምን ብላ ትቀየማለች?

ኮንትራቷ ስድስት ስድስት ወር እየተቀጠለ፣ እትዬ ጡረታቸው ደርሶ መሸኛ ተደረገላቸው። ኃላፊው ስለ ታታሪነታቸው ረዥም ንግግር አደረገ፤ ሲጨርስም በጭብጨባው መሃል እጁን ዘረጋላቸው። እትዬ ያችን እጅ አዩዋት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አዳራሹ ትሕትና መስሎት ይበልጥ አጨበጨበ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ኃላፊው ወዲያና ወዲህ አየና፣ በቅርብ ቆማ ማይክሮፎኑን ታስተካክል ወደነበረችው ኤጬ አዞራት። ኮንትራቷ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ጨበጠችው። ሞቃትና እርጥብ ነበር። ማይክሮፎኑን እንደጨረሰች መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ሳሙናው እስኪያልቅ እጇን ስትታጠብ ቆየች።