ማንም የማይነካው ተከላካይ

አየነው ኳሱን ከኪዱ እግር ሥር ነጥቆ ወደ ፊት ሲነዳ ከኋላው ኮቴ አልሰማም። በዚህ ጠጠራም ሜዳ ላይ ኳስ የተቀማ ሰው አሳድዶ ማልያ ይጎትታል። ኪዱ ግን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ተከተለኝ እንጂ! ተራህን ለማን ሰጠኸው?"

"ደከመኝ፣ ጋሼ።"

ጋሼ! ባለፈው ወር እኮ ይኸው ልጅ "ሽማግሌው፣ ከዘራህን ረሳህ!" እያለ በእግሮቹ መሐል ኳስ ሲያሾልክበት ነበር።

ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ዳር ያለው ይህ ሜዳ ዓርብ ከሰዓት የኢትዮጵያውያኑ ነው። ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው፣ ሴራሚክ አንጣፊው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ቡድኑን ያቋቋመው ለሳኙ አየነው ነው፤ ያሠለጥናል፣ መሐል ተከላካይ ሆኖም ይጫወታል።

ዛሬ ከሜዳው ዳር የተደፋ የሲሚንቶ ባልዲ ላይ ዳሂር ተቀምጧል። ዳሂር ድሬዳዋ ያደገ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ እዚያው ከተማ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ላለ ክለብ ተጫዋች ይመለምላል። ልምምዳቸውን በስልኩ እየቀረጸ እያንዳንዱን ፍልሚያና ቅብብል ኮምፒውተሩ ላይ ሲመዘግብ ከርሟል። ክለቡ ለአንድ የውጭ ተጫዋች ቦታ አለው፤ ደመወዝም፣ የመኖሪያ ፈቃድም ያወጣለታል። አየነው ኪዱን እንዲያይለት ነበር ለምኖ ያመጣው።

"አቦ አየነው፣ ና ቁጭ በል!" አለ ዳሂር። "ልጅ አለኝ ብለህ ጠራኸኝ። ቁጥሩ ግን ሌላ ሰው አወጣ።"

"ማንን?"

"አንተን።"

አየነው ሳቀ። "እኔን? ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንኳ ይጮኻል።"

"ጉልበትህ ለኔ አልጮኸም። ስማኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ኪዱ እንደፈለገ ያልፍሃል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላለፈህም። ኪዱ ብቻ መሰለህ? ማንም አልጣለህም፣ ማንም ሸርተቴ አልወረደብህም። በዚህ ድንጋይ ላይ! ወላሂ እንዲህ ዓይነት ተከላካይ አይቼ አላውቅም።"

"ማንም አልነካኝም?"

"ማንም። ይኸው እየው።"

አየነው ጎንበስ አለ። በቪዲዮው ላይ ራሱ እየሮጠ ይመጣል፤ ኪዱ ደግሞ ሙሉ እንስራ የተሸከመ ሰው እንደሚያሳልፍ እግሩን ሰብስቦ ገለል ይላል። ዳሂር ሌላውን ከፈተ፤ ግንበኛውም እንዲሁ ገለል አለ። ቀጥሎ በአየነው ስህተት ጎል ሲገባ ታየ። ሌላ ጊዜ ጎል ባስገባበት ሰው ላይ ድንጋይ የሚያነሣው በረኛ ተጠግቶ ትከሻውን ዳበሰው። ምን እንዳለው አየነው አሁን ትዝ አለው። "አይዞህ" ነበር ያለው።

ለጎል አይዞህ ይባላል?

ስልኩን ኪዱ "መስታወቱን ላሠራልህ" ብሎ ከወሰደው ቆይቷል። ማልያ ባጨቀየ ቁጥር የምትሰድበው የበረኛው ሚስት ዳግማዊት ያለፈው ዓርብ ማልያውን ተኩሳ ስትሰጠው ፊቷን አዙራ ነበር። ማታ ማታም ብቻውን እራት እንዲበላ አይተዉትም። አምና የቀለም ቀቢው አባት ሲሞት "ወገን እስኪሰበሰብ አትንገሩት፤ ስልኩን በዘዴ ውሰዱበት፤ ማልደን ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን" ብሎ ያዘዘው እሱ ራሱ አየነው ነው። አሁን እያደረጉበት ያለው የገዛ ትምህርቱን ነው።

አገር ቤት ጦርነቱ ከገባ ወዲህ ስልክ አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንት ይዘጋል። እዚያ ቤት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እናቱ ሸዋርካብሽና ታናሽ ወንድሙ ኢዩ። ኢዩ ገና ሚስት እንኳ አላገባም። "እሱን ብቻ አይሁን" አለ አየነው በልቡ።

ወዲያው ምን እንዳለ ገባው። ኢዩ ካልሆነ የምትቀረው እናቱ ነበረች።

ባልዲው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ምነው? ታመምክ እንዴ?" አለ ዳሂር።

"ድሬዳዋ ክርስቲያን ጎረቤት ነበራችሁ?"

"ሞልቶ! አብረን አይደል ያደግነው?"

"መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ?"

ዳሂር ወደ ቪዲዮው አየ። ከዚያ ወደ ሜዳው፣ ጫማ እየፈቱ ወደሚያንሾካሽኩት ልጆች አየ። ሰው ሲሞት የሚባለውን "ኢና ሊላሂ..." ብሎ ጀምሮ አፉን በእጁ ከደነ።

"ማን ነው?" አለ ዝቅ ብሎ።

"አላውቅም። እነሱ ያውቃሉ።"

"ታዲያ ሄደህ ጠይቃቸዋ! እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት እዚያው በሰዓቱ ይነገራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብቀው ያጫውቱሃል? ያ ረቢ!"

"ደብቀውኝ አይደለም። ደግፈው ይዘውኝ ነው።" አለ አየነው። "የኔን ቁጥር ተወው። ኪዱን በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ብቻ መዝነው። ልጁ እሱ ነው።"

"የክለቡ ሰዎች ሁለቱን ሳምንት የት ጣልከው ቢሉኝስ?"

"ኳስ አልነበረም በላቸው።"

ዳሂር ኮምፒውተሩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

አየነው ተነሥቶ ወደ ልጆቹ ሄደ። መንገዱ ረዘመበት። ሲደርስ ሹክሹክታው ቆመ፤ አንዱ የተፈታ ማሰሪያ እንደገና ይፈታ ጀመር።

"ኪዱ፣ ዳሂር ይፈልግሃል።"

"እኔን? የኔ ቁጥር እኮ ወድቋል..."

"ማን እንደጣለው አውቃለሁ። ሂድ፤ ቀና ብለህ አናግረው።"

ኪዱ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑን ከአየነው ዓይን አሽሽቶ ወደ በረኛው ወረወረ፤ በረኛው አንገቱን ደፋ። አየነው ሁሉንም በተራ አያቸው። አንዲት ቃል ቢጠይቅ እዚሁ አቧራው ላይ ይነግሩታል። ካልጠየቀ ደግሞ ቀስ ብለው ይጠብቁታል፤ እስከዚያ ለእሱ እናቱም ኢዩም በሕይወት አሉ፤ በሚቀጥለው ዓርብም እየሳሳለት ኳሱን የሚለቅለት አያጣም።



"ነገ ሥራ አልገባም" አላቸው። "ማልዳችሁ ኑ። በሩን አልቆልፈውም።"