የአያ ሙሄዲን ዩሪያና የጂብሪል ሽንኩርት

ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ዳር፣ ራሱን የእርሻ ሊቅ ካደረገ አያ ሙሄዲን ከሚባል ሰው ዘንድ ጅርጅር አጭዳለሁ፤ ሱዳን ውስጥ ያለሷ ፉል የማይበላ ቅጠል። ሰውዬው ያለው ጥበብ አንድ ነው፤ ዩሪያ ማዳበሪያ በጆንያ ይደፋል፣ ከዚያ ማሳው ኩሬ እስኪሆን ውሃ ይለቅበታል። ጅርጅር ስንቱን ትበላለች? ትርፉ ወደ ታች ሰርጎ ማሳው ዳር ያለው የውሃ ጉድጓድ ይገባል። ቧንቧው ከጦርነቱ ወዲህ ስለደረቀ የምንጠጣው ከዚያው ነው።

እህቴ ኒዕማ ወለደች። ጡቷ እምቢ ስላላት ለልጁ የዱቄት ወተት ትበጠብጣለች። ውሃው ይጥራ ብላ ደጋግማ ታፈላዋለች። አንድ ቀን የልጁ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ።

«ከማዳበሪያው የሚመጣ ናይትሬት ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ስታፈዪው ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል። ያን ውሃ ካልለወጥሽ ልጁ አይተርፍም።»

ኒዕማ ልጇን አዝላ አያ ሙሄዲን ደጅ ቆመች።

«አያ፣ በአላህ፣ ማዳበሪያውን ይቀንሱልኝ። የአባይ ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመጣልኝ ባለካሮ አህያው ካመመው ይቀራል። ያን ቀን ልጄን ምን ላጠጣው?»

ከጉድጓዱ አንድ ኩባያ ቀድቶ ግጥም አደረገ። «ይኸው፣ ሞትኩ?»

«የጨቅላና የእርስዎ ሆድ እኩል ነው?»

«ብርድ መቶት ነው። ጥቁር አዝሙድ ቀቢው።»

በሬ እንዳልለው፣ በሬ እንኳ ሲጠግብ ገለባውን ይተዋል።

በማግስቱ ቦዩ ዳር ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

«ምን ያስቅሃል፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው?» አለኝ አያ ሙሄዲን።

«ይተዉት አያ፣ የሰው ነገር ነው።»

«ተናገር።»

«የጎረቤትዎን የጂብሪልን ሽንኩርት አይተዋል? አንዱን ራስ ለመንቀል ሁለት አህያ ይጠመዳል። ማዳበሪያ ግን ገዝቶ አያውቅም። የእርስዎ ዩሪያ በመሬት ስር እየተሳበ እሱ ዘንድ ብቅ ይላል። ሽንኩርቱ ሥሩን ባጥሩ ስር ሰዶ ሲመጥ፣ ወላሂ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ግመል ውሃ ስትጠጣ ነው የሚመስለው።»

«ጂብሪል? በኔ ማዳበሪያ?»

«በነጻ። ዱዓም ያደርግልዎታል።»

ሕፃን ሲጠቁር ያልደነገጠ ሰው ሽንኩርት ሲፋፋ ላብ አጠመቀው። ምን ይሻላል አለኝ። ጂብሪል ራሱ የሚያደርገውን፣ ስሙን ሳልጠራ፣ ነገርኩት፤ ማዳበሪያው ቅጠሏ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፤ ውሃው መሬቱን ከማርጠብ እንዳያልፍ፤ ማሳው ባዶ ሲሆን ማሽላ ተዘርቶ የተረፈውን ይምጠጥ።

«እስካሁን የሰመጠውስ?»

«ጉድጓድዎ ውስጥ ነው። ውሃው ራሱ ማዳበሪያ ሆኗል፤ ለማሳው ይጠቀሙበት። ብቻ ሰው እየቀዳ ይጨርስብዎታል።»

ጉድጓዱን በሰንሰለት ቆለፈው። ሠራተኛው በጥም ሥራ እንዳይፈታበት ደግሞ የራሱን አህያ በየማለዳው አባይ እየሰደደ በርሜል ሙሉ ውሃ ያስመጣል። መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጆሮውን አጥሩ ሥር ለጥፎ ሲያዳምጥም አይተነዋል።

ኒዕማ ከበርሜሉ ስትቀዳ ተቆጣት።

«ከጉድጓዴ ጠብታ እንዳትነኪ፣ ሰማሽ?»

«እሺ፣ አያ» አለችና ጡጦውን ልጇ አፍ ውስጥ ከተተች።