ሁለት ሰው፣ አንድ ወንበር

ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራው ሐሜት በሆነ ነበር። የሚያወራው ግን ራሱ ባለታሪኩ ነው፤ ያውም አፉን ሞልቶ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ይበቃዋል፤ ወንበሩን ወደ መሀል ይጎትትና «እኔን የመሰለ ቂል አይታችሁ እንደሆነ ንገሩኝ» ብሎ ይጀምራል። ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀውም እሱ ነው።

ነገሩ በሆነበት ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። በማዕረጉ የሚጠራው ግን አልነበረም፤ ሁሉም «ጋሼ ሰንጠረዥ» ነበር የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል ያወጣው እሱ ነው፤ ሃምሳ አንድ መምህር፣ ሠላሳ ክፍል፣ አንድ ቤተ ሙከራ። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው፤ ሁለት መምህር በአንድ ሰዓት አንድ ክፍል እንዳይገባ ማድረግ፣ በቃ። ለእያንዳንዱ መምህር የራሱን ቀለም ይሰጠውና ትልቅ ካርቶን ላይ ሳጥን በሳጥን ይሞላዋል። አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀለም ከገባ ድልድሉ አልረባም ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ሁለት መምህራን ጠመኔ ይዘው አንድ በር ላይ የተፋጠጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ሰሞን ጋሼ ሰንጠረዥ እህል አልቀምስ አለ። ያየው ሁሉ ሰው የሞተበት ነበር የመሰለው።

ሚስቱ አዋላጅ ናት። ግማሹን ሰፈር በእጇ የተቀበለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት። የመጨረሻዋ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባች ሁለት ወር ሆኗት ነበር፤ ቤት ውስጥ የቀሩት እሱ፣ እሷና እናቷ ናቸው። አማቱ ዕድሜያቸውን በጥልፍ ሥራ ያሳለፉ፣ ዛሬም መርፌያቸውን ያላስቀመጡ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን እራት ላይ ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነገረችው። ራቅ ያለ ከተማ ውስጥ ያለ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሊወስዳት ይፈልጋል። የዝውውሩ ፎርም እጇ ላይ ነው። የዓመት ፈቃዷ ሲያልቅ መልስ መስጠት አለባት፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ፈልጋለች።

«ሐይቁ ዳር ካለችው ከተማ ሄደን ሦስት ቀን እንቀመጥ» አለችው። «ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ ጨው አቀብለኝ ከማለት በቀር የተነጋገርነው ነገር ትዝ አይለኝም። የምንባባለው ነገር ካለን እቀራለሁ። ከሌለን ግን ሄጄ ሥራዬን እሠራለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እጇን ይይዛት ነበር። እሱ ካርቶን ገዛ።

«ሚስቴ ልትሄድብኝ ነው፣ እኔ ማስመሪያ ፍለጋ ቤቱን አተራምሳለሁ» ይላል ሲያወራው። ይቀልድ እንጂ በእውነት ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱን የሚያወጣበት ሌላ መንገድ ስለማያውቅ፣ እንከን የማይወጣለት ሽርሽር ሊያዘጋጅላት ቆርጦ ተነሳ።

መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ያለውን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በስልክ ያዛት። በረንዳው ፀሐይ የሚያገኘው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ሙቅ ውሃ ያለማቋረጥ ይመጣል ወይስ በሰዓት? ከበሩ እስከ ሐይቁ ስንት እርምጃ ነው? ሴትየዋ ትዕግሥተኛ ነበረች፤ ወጥታ እርምጃውን ሁሉ ቆጥራለታለች። አራተኛ ጊዜ ሲደውልላት ግን «ጌታዬ፣ ሊያርፉ ነው የሚመጡት ወይስ ሊቆጣጠሩን?» ብላ ጠየቀችው። የሚፈልገውን ግን አግኝቷል። ክፍሉ አንድ መታጠቢያ ቤት አለው። በረንዳው ጠባብ ነው፤ ያለውም አንድ ወንበር ነው። ጀልባዋ ከቀዛፊው ሌላ የምትጭነው አንድ ሰው ነው። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ አንዳንዴ እምቢ ስለሚል ክፍሉን ባዶ ጥሎ መውጣት አይመከርም።

ይህን ሲሰማ ደስ አለው። አንድ መታጠቢያ ቤት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጀልባ፤ ይህ እኮ አንድ ቤተ ሙከራ ለሃምሳ አንድ መምህር ከማብቃቃት ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ለሚስቱ አረንጓዴ ሰጣት፤ ቀዩን ለራሱ ያዘ። ሦስቱን ቀን በአርባ አምስት አርባ አምስት ደቂቃ ከፋፈለው፤ በየመሀሉ የአምስት ደቂቃ እረፍት አስገባ። ለእረፍት የሚሄድ ሰው እረፍት ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀው የለም። «ሐይቅ ማየት፣ በዝምታ» የሚል ክፍለ ጊዜ ነበረው። «ሐይቅ ማየት፣ በሐሳብ» የሚልም ነበረው፤ የሁለቱን ልዩነት እስከ ዛሬ ማስረዳት አልቻለም። «መዝናናት አንድ» እና «መዝናናት ሁለት» ነበሩ፤ ሁለተኛው ከበድ ያለው ነው። ዝናብ ቢጥል ብሎ መጠባበቂያ ክፍለ ጊዜም አልረሳም።

የአውቶቡሱንም ትኬት በዚሁ መንፈስ ቆረጠ። እሷን መንገድ ያዞራታልና ፊት፣ አራተኛ ቁጥር። ሻንጣ የሚጫነው በኋላ በር ነውና እሱ ሠላሳ አንደኛ ቁጥር፤ እዚያ ሆኖ ዓይኑን ከሻንጣው አይነቅልም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሚስቱን ጠርቶ ፊት ለፊት አስቀመጣት። አማቱ ጥግ ላይ ጥልፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸውን መኝታ ቤት ረስተውታል። እሱ ማስመሪያውን ይዞ ቆመና ደረቱን ነፍቶ «ሦስት ቀን፣ አንድም መደራረብ የለበትም» ብሎ ጀመረ።

ሚስቱ ከላይ ወደ ታች ታነባለች። ቀድመው የተናገሩት አማቱ ናቸው።

«ምንድነው ልጄ፣ የጥልፍ ንድፍ ነው?»

የሽርሽሩ ፕሮግራም መሆኑን አስረዳቸው። ጽሑፉ አይታየኝም፣ ቀለሙ ግን ያምራል አሉ። ዓይናቸውን አጥብበው ትንሽ ሲያዩ ቆዩና አረንጓዴው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ልጅዎ ናት አላቸው። ቀዩስ ሲሉት እኔ ነኝ አለ፤ አሁንም ደረቱ እንደተነፋ ነው።

«ታዲያ የምትገናኙት የቱ ጋ ነው?»

ማስመሪያውን ሊያሳያቸው አነሳ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ አረንጓዴው በረንዳ ላይ ነው፤ ቀዩ በእግሩ ሄዷል። ቀጥሎ ቀዩ በረንዳ ላይ ነው፤ አረንጓዴው መታጠቢያ ቤት ገብቷል። ከሰዓት አረንጓዴው ጀልባ ላይ ነው፤ ቀዩ ክፍል ይጠብቃል። ሁለተኛው ቀን ላይ ማስመሪያው ፍጥነት ቀነሰ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ምሳ እንኳ በፈረቃ ነበር፣ ለክፍሉ ቁልፍ ሲባል።

«ማታ» አለ በመጨረሻ፣ የታችኛውን ሳጥን እያሳየ።

«ማታማ ተኝታችኋል» አሉ አማቱ። ክፋት የለባቸውም፤ የሚያዩትን ነው የሚናገሩት። «ሃምሳ ዓመት ጠልፌያለሁ፤ ሁለት ክር እንዲህ ሲሸሻሽ ግን አላየሁም።»

ጋሼ ሰንጠረዥ ሚስቱ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። ብትስቅ እሱም ይስቅና ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። እሷ ግን ተነስታ ካርቶኑ አጠገብ ቆመች፤ በጣቷ አንዱን አረንጓዴ ሳጥን ነካ አደረገችው።

«ይሄ እኮ ሽርሽር አይደለም» አለች። «ቤታችን ነው።»

ወደ መኝታ ቤት ገባች። ወዲያው መሳቢያው ሲከፈት ተሰማው፤ ፎርሙ የተቀመጠበት መሳቢያ ነው።

ልክ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃቸው የተወለደ ጊዜ አማቱ ገና አብረዋቸው አይኖሩም ነበርና ሕፃኑን የሚይዝ ሰው አልነበራቸውም። ያኔ ጀማሪ መምህር የነበረው እሱ አንድ ወረቀት ላይ ድልድል አወጣ፤ እሷ ሌሊት ስትሠራ እሱ ይይዛል፣ እሱ ቀን ሲያስተምር እሷ ትይዛለች። ያን የመሰለ ድልድል በሕይወቱ አላወጣም፤ ልጁ ለአንድ ደቂቃ ብቻውን ሳይቀር አደገ። ከዚያ ሁለተኛው ተወለደ፣ ከዚያ ሦስተኛዋ። ወረቀቱ ከማድ ቤቱ በር ላይ ከወረደ ዘመን ሆኖታል። እነሱ ግን እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ በእሱ ነበር የሚኖሩት። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ እሱ ሲመጣ እሷ ተኝታለች። መርቆ የሰቀለው ራሱ፣ መሻር የረሳው ራሱ።

ያንኑ ከሰዓት እርሳስ ይዞ ሊያስተካክለው ተቀመጠ። ቀዩን አንስቶ በረንዳው ላይ፣ አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። እጁ ግን እምቢ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀለም አላገባም ብሎ ድርቅ አለ። ላብ አጠመቀው። «በኋላ ሳስበው» ይላል፣ «አንድ ትልቅ ሰው ከሚስቱ ጋር ለመቀመጥ ከገዛ እጁ ጋር ሲታገል ያየ ሰው ቢኖር ሐኪም ይጠራልኝ ነበር።» ታግሎ ታግሎ አስገባው። አስገብቶ ሲያበቃ ወንበሩ አንድ መሆኑ ትዝ አለው።

ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አምስተኛ ጊዜ ደወለ። ድምፁን ስትሰማ በረጅሙ ተነፈሰች። ሁለተኛ ወንበር ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። የለም፤ የሚፈልግ ሰው ይዞ መምጣት ይችላል አለችው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ካርቶኑን ከግድግዳው አወረደና ቀዶ ጣለው። ስለዚያ ሲያወራ ጀግና ለመምሰል ይሞክራል፤ ነገር ግን ማስመሪያውን እንዳልጣለ ራሱ ያምናል።

ሚስቱ ሽርሽሩን አልሄድም አላለችም፤ ፈቃዱም ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ፎርሙን ግን ሞልታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። የቀረው ፊርማዋ ነው። ሐይቁ ዳርም ፖስታ ቤት አለ ብላዋለች።

ረቡዕ ማለዳ አውቶቡስ መናኸሪያ የደረሰው የማድ ቤቱን ወንበር በገመድ አስሮ ተሸክሞ ነው፤ ያችን አንድ እግሯ የሚንገዳገደውን። ሚስቱ ቀድማ ገብታ አራተኛ ቁጥር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ መስኮቱን ይዞ የተቀመጠውን ሰውዬ ወደ ሠላሳ አንድ እንዲሄድለት ለመነው፤ ሰውዬው ከመስኮት አልነሳም አለ። ጋሼ ሰንጠረዥ ገመዱን ፈታና ወንበሩን መተላለፊያው ላይ፣ ከሚስቱ ጎን አስቀምጦ ቁጭ አለ።

ረዳቱ መጣ። «አባት፣ ወንበርዎ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነው።»

«አውቃለሁ፤ የደለደልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ስህተቴን እያረምኩ ነው» አለው።

ረዳቱ ወደ ሚስቱ ዞሮ ፍረጂኝ በሚል ዓይን አያት። እሷ ፊቷን አዙራለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ትስቅ ታለቅስ አላወቀም። ሃያ አራት ዓመት አብሯት ኖሮ ከኋላ ሲያያት ሳቋን ከልቅሶዋ መለየት አቃተው፤ ይህን ሲናገር እሱ ራሱ አይስቅም። ዞር ስትል ግን እየሳቀች ነበር፤ ዓይኗ እርጥብ ነው። ረዳቱ ተወው፤ መንገድ እንዳይዘጉ ብቻ ብሎ ሄደ።

አውቶቡሱ ተነሳ። በየመታጠፊያው ወንበሯ ትንሸራተታለች። መጀመሪያ የሚስቱን መቀመጫ ጠርዝ ይዞ ነበር፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ክንዷን ያዘ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ቢቃናም አልለቀቀም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚለውን ነገር እንደጠፋ ቁልፍ በየኪሱ ፈለገው። በመጨረሻ ያገኘው አንድ ጥያቄ ነው፤ ፎርሙ ቤታቸው ከገባ ጀምሮ ሊጠይቃት ሲገባ ያልጠየቃት።

«የሚልኩሽ የት ነው?»

ነገረችው። ቤት ይሰጡሽ እንደሆነ ጠየቃት። አንድ ክፍል አለች።

«ወንበር አለው?»

«አልጠየቅኩም።»

ከሥሩ ያለችውን ወንበር ዳበስ አደረጋት። «ይቺን ይዘን እንሄዳለን» አለ።

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ አወጣች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ሐይቁስ እንዴት ነበር የሚለው አይጠፋም፤ ሦስቱንም ቀን በረንዳ ላይ ሁለት ወንበር አጋጥመው ሲያወሩ ሐይቁን ልብ ብለው እንዳላዩት ይናገራል፤ ውሃ መሆኑን ብቻ ያስታውሳል። ባለፈው ግን አዲስ የተቀጠረች አንዲት መምህርት ሌላ ነገር ጠየቀችው።

«ፈረሙ ወይ ባለቤትዎ?»

ክፍሉን ዙሪያውን አየው፤ ሌላ ሰው ያወጣውን፣ ሁለት ቦታ የተደራረበውን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ድልድል ጭምር።

«ባትፈርም እዚህ ከተማ ምን ልሠራ እመጣ ነበር?» አላት።

ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። ሆስፒታሉ ፈረቃ የሚቀይርበት ጊዜ ነው፤ ሚስቱ በር ላይ ቆማ እንድትጠብቀው አይፈልግም።