የእሑድ ማታ ሾርባ

አዜብ ለአምስተኛ ጊዜ የዶሮዋን ውኃ ደፋች። ሁለት ሎሚ ጨምቃ፣ እፍኝ ጨው ነስንሳ፣ ቆዳዋን ከአንገት እስከ እግር ገፍፋ፣ በአሥራ ሁለት ብልት አስተካክላ ከፋፍላታለች፤ ፈረሰኛው ለብቻ፣ መላላጫው ለብቻ። ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቷል፤ እሷ ግን አላመነችም። በእናቷ ቤት፣ ዶሮ አጥባ ያላጠራች ሴት ትዳር አትይዝም ይባል ነበር። እሷ አጥባ አጥርታ የያዘችው ባል ግን ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጀርመን ገብቶ እዚያው ቀረ። ይህ ሁሉ ትምህርት አልሆናትም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቧንቧውን ከፍታ ስድስተኛውን ውኃ ቀዳች።

የምትሠራው ዶሮ ወጥ ቢሆን ኖሮ ባለሙያ ያስብላት ነበር። የምትሠራው ግን ቲኖላ ነው። ቲኖላ ፊሊፒኖች ከዶሮ፣ ከዝንጅብል፣ ካልበሰለ ፓፓያና ከአረንጓዴ ቅጠል የሚሠሩት ሾርባ ነው። አዜብ አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም፤ አሠራሩንም ማንንም አልጠየቀችም።

መጠየቅ የነበረባት ሚላን ነው። ሚላ እዚሁ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ እዚችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ አሥራ አምስት ዓመት አብራት ተከራይታ የኖረች ፊሊፒናዊት ናት። ሚላ ቀን ቀን የሰው ቤት እያጸዳች ማታ ወደ ቤቷ ትገባለች። አዜብ ግን ፓሪዮሊ ሰፈር ከአንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ሲኞራ ጋር እያደረች ነበር የምትሠራው፤ የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ። ስለዚህ ልጇን ሶሊን ትምህርት ቤት ያመላለሰቻት፣ ፀጉሯን ያበጠረቻት፣ ትኩሳቷን የለካችላት፣ ሶሊም በፊሊፒኖች ቋንቋ 'ቲታ'፣ አክስቴ፣ የምትላት ሚላ ነበረች። ባለፈው መስከረም ሚላ ጡረታ ወጥታ ጠቅልላ አገሯ ገባች። አዜብም አዳሪነቱን ትታ በሰዓት መሥራት ጀመረች። አሁን ልጄን አገኛታለሁ ብላ ነበር።

ያገኘቻት ልጅ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በቁመት የምትበልጣት፣ በሯን ዘግታ በጣልያንኛ የምትስቅ ልጅ ናት። ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደ ሁለት ጨዋ ተከራዮች ኖሩ። "ሻወሩን ልትጠቀሚ ነው?" "አይ፣ ግቢ አንቺ።" አዜብ አንዳንዴ የሶሊን በር በእጇ ነክታ፣ ሳታንኳኳ ትመለሳለች። አንድ ቤት ውስጥ ሆኖ ሰው ይናፍቃል ብሎ የነገራት አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ሚላ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከች። "አዜብ፣ ሶሊ ፈተና ሲደርስ ሆዷ ይዘጋል። ቲኖላ ሥሪላት። ቫ ቤኔ?" እሺ? ማለቷ ነው። ከዚያ ሌላ ቃል የለም፤ ለሚላ ቲኖላ እንዴት ይሠራል ማለት ሻይ እንዴት ይፈላል እንደ ማለት ነው። አዜብ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማችው። እንዴት እንደሚሠራ ልትጠይቅ ስልኩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ስለ ገዛ ልጇ ሆድ ከሌላ ሴት ልትማር ነው? አልዋጥልሽ አላት።

ሚላ የተናገረችውም አልቀረ። የሶሊ የመጨረሻ የቃል ፈተና ነገ ጠዋት ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ በብስኩትና በቡና ነው ያለችው። ከተዘጋው በር ጀርባ ለራሷ የምታነበንበው ይሰማል።

በዚህ ላይ ዛሬ ሐሙስ ጠዋት ሲኞራ ፍራንካ ደወለች፤ የአሮጊቷ ልጅ ናት።

"አዜብ፣ እናቴን ሰኞ ወደ ባሕር እንወስዳታለን። ሁለት ወር። ካንቺ በቀር ሰው አልፈልግም ትላለች። እንደ ድሮው አብረሻት እያደርሽ፣ ደመወዙም ጥሩ ነው። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት መልስ ስጪኝ፤ አለዚያ ሌላ ሴት እየጠበቀችኝ ነው።"

"ላስብበት ሲኞራ" አለች አዜብ።

ቀኑን ሙሉ አሰበችበት። ልጅቷ ካልፈለገቻት ለማን ብላ ትቀመጣለች? ቢያንስ አሮጊቷ ትፈልጋታለች። በመጨረሻ ነገሩን ለዶሮዋ ተወችው፤ ሶሊ ከበላችልኝ እቀራለሁ፣ ካልበላችልኝ ሰኞ ሻንጣዬን እይዛለሁ አለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ስለ ቲኖላ የምታውቀው ሐሙስ ሐሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካየችው ትርፍራፊ ነው። ቀጫጭን ዝንጅብል፣ ነጣ ያለ ፓፓያ፣ ጥቃቅን ቅጠል፣ ከላይ የረጋ ስብ፣ ከስቡ መሀል ብቅ ያለ የዶሮ ቆዳ። "ይህችን ሴት ዶሮ ማጠብ ማን ባስተማራት!" እያለች ሳህኑን ወደ ኋላ ትገፋው ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሚላን ቲኖላ ልትሠራ ብቻ ሳይሆን ልታርመውም ነው የተነሳችው። ፓፓያውን ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ካለው ገበያ አገኘችው። ቅጠሉን ባለሱቁ ከበረዶ ውስጥ ሲያወጣላት ግን ድምፅ አውጥታ "ሽፈራው!" አለች። አዲስ አበባ ለስኳርም ለደም ግፊትም መድኃኒት ነው እየተባለ በፓኬት የሚሸጠው ሽፈራው ነው። ልጇ አሥራ አምስት ዓመት ሽፈራው ስትበላ ኖራ እሷ አላወቀችም።

ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላች። እጇ ወደ በርበሬው ብልቃጥ ሄዶ በግድ ተመለሰ። ዝንጅብሉን፣ ዶሮዋን፣ ውኃውን፣ ፓፓያውን ጨመረች። ከፈላ በኋላ ማንኪያ አነሳችና ቆመች። የሐዋርያት ጾም ነው። ጾም ይዛ የዶሮ መረቅ ልትቀምስ አትችልም። ጨው በግምት ጣል አደረገችበት፤ "አንተ ታውቃለህ" አለች ወደ ላይ አይታ። ቅጠሉን በትና እሳቱን አጠፋች።

የሶሊ በር ተከፈተ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች በጣልያንኛ። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በጣልያንኛ ነው።

"ቲኖላ።"

"ቲኖላ? አንቺ?"

"ምነው፣ እኔ እጅ የለኝም? ቁጭ በይ።"

ሶሊ ተቀመጠች። አዜብ ቀዳችላትና ለራሷ የጾም ምስሯን ይዛ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ልጅቷ አንድ ማንኪያ ጠጣች። "ቡኖ" አለች፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። አዜብ ሃያ ዓመት ለጣልያኖች ምግብ ሠርታ ስላቀረበች "ቡኖ" ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቃለች። ይህኛው ማንኪያ የሚያስቀምጠው ነው። ሶሊም ማንኪያዋን አስቀመጠች።

ሰኞ ነው እንግዲህ፣ አለች አዜብ በሆዷ። ሻንጣው አልጋ ሥር ነው።

"እውነቱን ንገሪኝ" አለቻት።

"ማሚ... የሞቀ ውኃ ነው።"

"ስድስት ጊዜ አጥቤው?"

"ስድስት ጊዜ?" ሶሊ ዓይኗ ፈጠጠ። "ቆዳውስ?"

"ገፍፌ አወጣሁታ! ሰው ቆዳ ይበላል እንዴ?"

"ጣልሽው?"

"በፌስታል ቋጥሬዋለሁ፣ ያውልሽ። ስወጣ ልጥለው ነው።"

ልጅቷ ፌስታሉን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን ይዛ እስክታጎነብስ ሳቀች። አዜብ ልትቆጣ ብላ አቃታት። እንዲህ ስትስቅ በአካል ያየቻት መቼ እንደሆነ አታስታውስም።

"አሎራ፣ በይ ተነሺ" አለች ሶሊ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነው እኮ!"

መጥበሻ ጣደች። ቆዳውን ዘርግታ በራሱ ስብ ጠብሳ፣ አዲስ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጣለችበት። ከቁም ሳጥኑ ጥግ ሚላ ትታው የሄደችውን ጠርሙስ አወጣች፤ የዓሣ መረቅ ነው።

"ያን የሚገማ ነገር?" አለች አዜብ።

"ጨዉ እሱ ነው።"

"ዓሣ ጾም ነው አይደለም እየተባለ ቀሳውስት ሲከራከሩ፣ እናንተ በጠርሙስ ጨረሳችሁት በይኛ!"

ሶሊ መጥበሻውን ድስቱ ላይ ስትገለብጠው ቸስ አለ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ አዜብም አወቀችው። ሐሙስ ሐሙስ የሶሊን አናት ስትስም ከፀጉሯ የሚመጣው ሽታ ነው። ያኔ የፊሊፒኖች ሳሙና ይመስላት ነበር።

ሶሊ ሳህኗን አዲስ ቀድታ ተቀመጠች። አሁን እፍ እያለች፣ እያላባት፣ ፈረሰኛውን በእጇ ይዛ በላች። አዜብ ምስሯን ረስታ አየቻት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ውስጧን የሆነ ነገር ቆጠቆጣት። ልጇ የበላችው የሌላ ሴት ሙያ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

"ሚላ ናፍቃሻለች አይደል?" አለች ቀስ ብላ። "ይህ የሷ ምግብ ነው። ሲያምሽ ነበር የምታበላሽ?"

ሶሊ ራሷን ነቀነቀች። "ሲያመኝ አይደለም። እሑድ ማታ ነው የምትሠራው።"

"ለምን እሑድ?"

"አንቺ ወደ ሲኞራ ስትመለሺ ነዋ። በሩ ሲዘጋ አለቅስ ነበር። ትንሽ ሆኜ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አልገባም እል ነበር። ቲታ ሚላ ዝንጅብሉን እያስከተፈችኝ ታስረሳኛለች። 'ይህን በልተሽ ስታድሪ ሰኞ ነው፣ ከሰኞ ሐሙስ ሩቅ አይደለም' ትለኛለች።"

አዜብ እሑድ እሑድ ከአሮጊቷ ማድ ቤት ስትደውል፣ ሚላ ሁልጊዜ "እየበላች ነው፣ ደህና ናት" ነበር የምትላት። እሷም ስልኩን ዘግታ፣ ልጄ ረሳችኝ፣ ገና ሳልርቅ ለሆዷ ተቀመጠች እያለች የሰው ሳህን ላይ ታለቅስ ነበር።

"ለምን አልነገረችኝም?"

"እንዳትነግሪያት አለችኛ። ከሰማች ሥራዋ ላይ ታለቅሳለች አለች።"

"እንዲያውም ሳልሰማ ሳለቅስ ነው የኖርኩት" አለች አዜብ፤ እንባዋም መጣ። አልደበቀችውም። ልጇን አሥራ አምስት ዓመት ናፍቃት ነበር፤ ልጇም እሷን ናፍቃ ነበር፤ መሀላቸው ድስት ሙሉ ሾርባ ቆሞ አልተያዩም።

ሶሊ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገችና ሳህኑን አየች። "አንቺ ቤት እያለሽ ስበላው የመጀመሪያዬ ነው" አለች። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ፣ "ጣዕሙ ሌላ ነው" ብላ ጨመረች።

"ቆዳው ዘግይቶ ስለገባ ይሆናል።"

"ኖ" አለች ሶሊ እየሳቀች። ማንኪያውን ሞልታ ወደ እናቷ ዘረጋች። "ቅመሺው። ጨዉ መብቃቱን ንገሪኝ።"

አዜብ ማንኪያውን አየችው። እጇን ግን አልዘረጋችም። "ጾም ነው የኔ ልጅ።"

"መቼ ነው የሚያልቀው?"

አዜብ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ዞረች። "ሐምሌ አምስት። በጣልያን ዶዲቺ ሉልዮ።"

"ቫ ቤኔ። ያን ቀን ምሳ እኔ እሠራዋለሁ፣ ከነቆዳው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።" ማንኪያውን ወደ ራሷ አፍ መለሰችው። "እንዳትጠፊ ብቻ።"

ስልኩ ጠራ። ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ መስኮቱ ግን ገና ብርሃን ነው። አዜብ እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነሳችው።

"አዜብ፣ ወሰንሽ? ሰኞ ጠዋት መኪና ልላክልሽ?"

"አይ ሲኞራ ፍራንካ። አልመጣም። እናትዎን ይሳሙልኝ።"

"ምን ሆንሽ? ሌላ ሥራ አገኘሽ?"

"አላገኘሁም። ዶዲቺ ሉልዮ ምሳ አለብኝ።"

ፍራንካ የሰማችው ትክክል መሆኑን የተጠራጠረች መሰለ። "ምሳ? ለአንድ ቀን ምሳ ብለሽ ሁለት ወር ሥራ ትተያለሽ?"

አዜብ ወደ ጠረጴዛው አየች። ሶሊ ሳህኗን በሁለት እጇ አንስታ የቀረውን መረቅ እየጠጣች ነበር።

"አዎ ሲኞራ" አለች። "ለምሳ ነው።"

ስልኩን ዘጋችና ምስሯን ልታሞቅ ተነሳች።