በባላምባራስ እንግዳሸት መሐለቅ ላይ ስለ ተፈጸመው መሐላ

በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ከሚያስደንቁት ምሥጢራት አንዱ፥ አስተዋይና ልበ ብሩህ አንባቢ ሆይ፥ የምስክር ነገር ነው። ሰው ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ከአዋላጂቱ በቀር ያየው የለም፤ ይሁን እንጂ መወለዱን የሚጠራጠር ጎረቤት ተገኝቶ አያውቅም። መሐለቅ ግን፥ ማለት በቀደሙት ነገሥታት ዘመን የተመታ ገንዘብ፥ በፊቱ የንጉሥ መልክ፥ በጀርባው ትእምርተ መስቀል ታትሞበት ሳለ፥ እርሱ ራሱ እርሱ መሆኑን የሚያስረዳ ሽማግሌ ይፈለግለታል። ይህም የሆነው መዳብ አፍ ስለሌለው ነው፤ አፍ ያለው ፍጥረት ደግሞ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በታች ይታያል።

በላስታ ምድር በአንድ ገደላማ ቀበሌ የተገኘው መሐለቅ ታሪኩ ንጹሕና ያልተቋረጠ ነበር። ፊተኛው ባለቤቱ በማረሻው ጫፍ ከትልም ያወጣው ገበሬ ሲሆን፥ ይህ ሰው ከቡዳ ዓይን ይከላከልልኝ ብሎ በቀኝ በሬው አንገት ላይ ስላንጠለጠለው፥ በሬው ሳይሾምና ሳይሸለም የንጉሥ መልክ በደረቱ ተሸክሞ ሲያርስ ኖረ። የገበሬው የንስሐ አባት ይህን ባዩ ጊዜ፥ መስቀል በእንስሳ አንገት አይንጠለጠልም ብለው አጥብቀው ገሠጹት፤ ነውሩንም ፈጽመው ለማራቅ መሐለቁን ወደ ገዛ ቤታቸው ወሰዱት። ከእርሳቸውም ባላምባራስ እንግዳሸት የተባሉ ባለርስት አንዲት ሰጋር በቅሎ ሰጥተው ተቀበሉ፤ በመስቀሉ ዙሪያ ያንጸባርቅ የነበረውን ስስ የወርቅ ቅብ አይተው፥ «ይህስ የነገሥታት እጅ ሥራ ነው» እያሉ በየማዕዱ ይናገሩ ጀመር። ባልንጀራቸው ግራዝማች ጓንጉል ግን በአንድ ሠርግ ላይ፥ «የምን ወርቅ! አንጥረኛ በሎሚ የወለወለው መዳብ ነው። እንግዳሸት በቅሎውን ሰጥቶ ውሸት ገዛ» ስላሉ፥ ዳሱ ሁሉ ሣቀ። ሣቁም ስም ሆኖ ቀረ፤ ባላምባራስ «ውሸት ገዥው» እንደ ተባሉ ወደ መቃብር ወረዱ፤ ልጃቸው ወይዘሮ አትጠገብም ምንጭ ስትወርድ «የውሸት ገዥው ልጅ መጣች» ሲባል እየሰማች፥ ይህን ስም ከአባቷ መቃብር ላይ ሳታነሣ ላትሞት ለራሷ ቃል ገባች።

ስለዚህም ብዙ ደጅ ጠንታ፥ አቶ ክንፈ ገብርኤል የተባሉ የጥንት ገንዘብ መርማሪ ከዋናው ከተማ ቤተ መዘክር እንዲመጡ አደረገች። እኒህ ሊቅ አጉሊ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፥ ሐሰተኛ መሐለቅ ቢወለወል ያው መዳብ መሆኑን፥ እውነተኛው ግን በመስቀሉ ዙሪያ በወርቅ የተቀባ መሆኑን፥ ነገሩም ለአንድ አፍታ በማየት ብቻ እንደሚያልቅ አስረዱ። ሆኖም ለዚሁ ነገር የተሰበሰበውን ጉባኤ የሚመሩት የአጥቢያው ዳኛ ነገር በአንድ አፍታ ሲያልቅ የማይወዱ፥ ሥርዓት አክባሪና ሕግ ዐዋቂ ሰው ነበሩና፥ አስቀድሞ ምስክር ይሰማ፥ ምስክርም መስቀል ስሞ ይማል ሲሉ በየኑ። የደብሩ ቄስ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ወንዝ ማዶ ለቀብር ስለ ሄዱ ጉባኤው ጥቂት ተጨነቀ፤ ኋላ ግን ለዳኛው ብርሃን በራላቸው።

«መስቀል ከዚሁ እያለ ምን ያስጨንቀናል? በመሐለቁ ላይ ይማሉበታ!»

«ክቡር ዳኛ፥» አሉ መርማሪው ደንግጠው፥ «ይህ ነገር ከዘመን ብዛት ቅቡ ላልቷል፤ በእጅ እንኳ ባይነካ ይሻላል።»

«በእጅ ማን ነካው፥ ጌታዬ? በከንፈር ነው እንጂ።»

ለምስክርነት የተጠሩት ሽማግሌዎችም በየተራ እየተነሡ መሐለቁን ሳሙት፥ በግንባራቸው አሻሹት፥ በጉንጫቸው አሳለፉት፤ ሁሉም እውነተኛ ነው ብለው መሰከሩለት፤ በመሰከሩለት ቁጥርም እውነተኛነቱ እየሳሳ ሄደ። ወይዘሮ አትጠገብ የወርቁን መደብዘዝ እያየች ከንፈሯን ነከሰች፤ ምስክር ይብቃኝ እንዳትል ግን ምስክር ፈራች ይሉኛል ብላ ሰጋች። በመጨረሻ ግራዝማች ጓንጉል በከዘራ ተደግፈው፥ ነጭ ሪዛቸውን ቅቤ አጠጥተው ብቅ አሉ።

«ግራዝማች፥» አለቻቸው፥ «አባቴን ከሞተ በኋላ እንኳ አይተዉትም?»

«አንቺ ልጅ፥ አባትሽን እኮ እወደው ነበር። የቀረኝ ጠላት እርሱ ብቻ ነበር፤ እርሱ ሲሞት ሥራ ፈታሁ።»

ይህን ብለው መሐለቁን አነሡ። በሐሰት ሊምል የተነሣ ሰው በእውነት ከሚምለው ይልቅ መንፈሳዊ መስሎ መታየት ይገባዋልና፥ ዓይናቸውን ጨፍነው፥ እያቃሰቱ፥ ሕፃን ጡት እንደሚጠባ ያህል አጥብቀው ሳሙት። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፥ «በዚህ መዳብ ላይ ወርቅ አልነበረም፥ የለም፥ አይኖርምም!» አሉ።

መርማሪው መሐለቁን ተቀብለው ቢያዩት ባዶ ጭረት ብቻ ቀርቷል። «ወርቅ አይታየኝም፥» አሉ በኀዘን። ግራዝማች ፈገግ አሉ፤ ፈገግ ባሉም ጊዜ ፀሐይ ሪዛቸውን አገኘችው፥ ሪዙም አንጸባረቀ።

«አይጥረጉ!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ አትጠገብ። «በአባቴ አጥንት ይዤዎታለሁ፥ አፍዎን እንዳይጠርጉ!»

መርማሪው መነጽራቸውን ከመሐለቁ ወደ ግራዝማች ከንፈር አዛወሩ፤ ከሪዛቸውም ላይ በእሾህ ጫፍ ጥቂት ቅንጣት ለቅመው፥ ይዘውት በመጡት መድኃኒት ፈተኑት። ቅንጣቱም አልጠቈረም። «ንጹሕ ወርቅ ነው፤» ብለው ለጉባኤው አስታወቁ፥ «መሐለቁም እውነተኛ ነበር። ቅቡ ግን ባሁኑ ሰዓት የሚገኘው በግራዝማች አፍ ላይ ስለ ሆነ፥ ለቤተ መዘክር አይሆንም።» ዳኛው ወርቁ የመሐለቁ ባለቤት ገንዘብ ነው ወይስ የአፉ ባለቤት የሚል ከባድ የሕግ ጥያቄ ሊያነሡ ሲሉ ወይዘሮ አትጠገብ ቀደመቻቸው።

«ግራዝማች፥ ወርቁን ይውሰዱት፤ አፍዎ አምሮበታል። ብቻ ሳይጠርጉት እንግዳሸት ምን እንደ ገዛ ይናገሩ።»

ግራዝማች ምላሳቸውን ለማውጣት እንኳ ፈርተው፥ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፥ «እውነት ገዛ» አሉ። ጉባኤው አልሰማንም አለ፤ ደገሙት። ወይዘሮ አትጠገብ እየሣቀች አለቀሰች፤ ባዶውንም መዳብ በመቀነቷ ቋጥራ ወደ አባቷ መቃብር ወጣች። ለእውነት ምስክር የሚያበዛ ሰው፥ ውሎ አድሮ እውነቱን ከምስክሮቹ ከንፈር ላይ በእሾህ መልቀሙ አይቀርምና።