የግራው ጆሮ

ልብስ ሰፊው የሱሪውን ጠርዝ ሳይጨርስ መኪናውን አቆመ። ድምፁ እንደገና መጣ። ቀጭን የሴት ድምፅ ነው፤ ከሟች ወንድሙ የስፌት መኪና በኩል።

"እትዬ፣ አንቺ ነሽ የምታወሪው?"

"ከማን ጋር ላውራ?" አለች ልብስ ተኳሿ፣ ካውያዋን እየገፋች። "ይልቅ አንደኛውን ጻፍና ገላግለን። ዓመቱ አለቀ እኮ።"

ዓመት ሲያልቅ ወንድማማቾቹ የዓመቱን ምርጥ የፖፕና የኢንዲ ሮክ አልበሞች ግድግዳው ላይ በልብስ ጠመኔ ይጽፉ ነበር። በአንደኛው ላይ ሳይስማሙ አይጻፍም፤ ንትርካቸው ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ያስመሽ ነበር። ዘንድሮ ብቻውን የፖፕ ዘፋኟን የጭፈራ አልበም ሁለተኛ፣ ጋራዥ ውስጥ የተቀዳውን የጎረምሶች ጩኸት ሦስተኛ አድርጎ ጻፈ። የአንደኛው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ወንድሙ ከመሞቱ በፊት መርጦ ነበር።

"ከዚህ የሚበልጥ ዘንድሮ አይወጣም" አለው ስለ አንድ የኢንዲ ሮክ አልበም።

"ሰውዬው አንድ መስመር ይዘፍንና ዝም ይላል። ባዶ ቤት ነው" አለ ልብስ ሰፊው።

"አንተ ጆሮ የለህም" ብሎ ወንድሙ ሳቀበት። ክርክሩ እዚያው ላይ ቀረ።

በይሉኝታ አንደኛ ቢለው ወንድሙን ማታለል ይሆንበታል፤ ቢተወው ደግሞ ዳግም መቅበር። ስለዚህ ከሞተ ወዲህ ያልደፈረውን አልበም ዛሬ ጠዋት ከፈተው። ሁለቱ ሲሠሩ የሚሰሙት አንድ የጆሮ ማዳመጫ አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለው ነበር። ወንድሙ በግራ በኩል ይቀመጥ ስለነበር ግራው የሱ ነው። አሁንም ቀኙን ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ግራውን የወንድሙ መኪና ላይ፣ ክር ከሚሰቀልበት ዘንግ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሌላ ማድረግ አልሆነለትም።

ተኳሿ ካውያዋን አቆመች።

"አሁንስ እኔም ሰማሁ" አለች ቀስ ብላ። "ከሱ ወንበር ነው።"

ልብስ ሰፊው ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ አለ። ሴቲቱ የምትዘፍነው ከተንጠለጠለው ማዳመጫ ውስጥ ነበር። አንስቶ ግራ ጆሮው ውስጥ ሰካው።

በቀኙ ሰውዬው አንድ መስመር ዘፍኖ ዝም አለ። በግራው ሴቲቱ መለሰችለት። ባዶ ነው ባለበት ቦታ ሁሉ እሷ ነበረች። የሁለቱ ጆሮ ድምፅ ትንሽ እንደሚለያይ ያውቃል፤ ሰው እስኪጎድል ድረስ ይለያያል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ዘፈኑን መልሶ ከመጀመሪያው ከፈተው።

"ምን ሆንክ?"

"ዘፈኑ ውስጥ ሴት አለች። ወንድሜ ሲሰማት ነው የከረመው። አንድም ቀን አልነገረኝም።"

"አንተም የምትሰማት መስሎት ይሆናላ።"

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን አንስቶ የወንድሙን አልበም አንደኛ ብሎ ጻፈ። ከዚያ የቀሩትን ከላይ እስከ ታች አያቸውና በመዳፉ ጠረጋቸው።

"ምነው? ለፍተህ የጻፍከውን!"

"ገና አልሰማኋቸውም፣ እትዬ።"

ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። ቀኙን ማዳመጫ ከጆሮው አውጥቶ የወንድሙ ዘንግ ላይ ሰቀለው። ግራውን እንደሰካ፣ የጭፈራውን አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ከፈተ።