ለድንቡሼ ንገሪው

«ወይኔ እትዬ ሰልፌ! ወይኔ የሳቃችን እናት!» እያለች ከሻሸመኔ አውቶቡስ የወረደች ሴትዮ ደረቷን እየደቃች ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ተሻለች ብድግ ብላ ተቀበለቻት። የምታውቃት ሴት አይደለችም፤ ከትናንት ጀምሮ አንገቷ ላይ ከተጠመጠሙት ውስጥ አብዛኞቹን አታውቃቸውም። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ተንሰቀሰቀች። በአራተኛው ላይ ድምፅዋ ቀጥኖ ወደ ላይ ወጣ፣ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ተሰበረ ፉጨት ተንጠልጥሎ ቀረ።

የእትዬ ሰልፌ ለቅሶ ነበር። ልክ ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንደሚለቀሰው።

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ያለው በሳል ሊሸፍንለት ሞከረ፤ ሳሉ ራሱ መንገድ ላይ ሳቅ ሆነ። ሴትዮዋም ደነገጠች። «በእግዚአብሔር፣ ሆን ብዬ አይደለም፤ ሳላውቀው ወጣብኝ» አለች ለተሻለች በጆሮዋ። ተሻለችም «ይሁን፣ ቁጭ በይ» ብላ ንፍሮ አስያዘቻት። ምን ትበል? አገሩ ሁሉ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚያ ለቅሶ ሲስቅ ከርሞ፣ ዛሬ የእውነቱን አልቅስ ቢሉት ከየት ያምጣው?

ሟቿ ታላቅ እህቷ የሺዓለም ነበረች። የሺዓለም የሚላት ግን አልነበረም። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሳይቀር ገና ጎህ ሲቀድ በናዝሬት መንገዶች እየዞረ «እትዬ ሰልፌ አርፈዋልና ለቀብር ውጡ!» ብሎ ነፋ፤ ከየበሩ ብቅ ያለው ሰው መጀመሪያ የሳምንቱ ቀልድ መስሎት ነበር። ትክክለኛ ስሟን የጠየቀ ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ ብቻ ናቸው።

የሺዓለም ሥራ የጀመረችው በ1957፣ ቴሌቪዥን አገሩ በገባበት ዓመት ነው። በንጉሡ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ገረድ ሆና ተጫወተች። ቃሏ «እመቤቴ፣ እንግዳ መጥቷል» ነበር፤ እንግዳው ይለያያል እንጂ ቃሉ አይለወጥም። አብዮቱ ሲፈነዳ ከገረድነት ወደ ጭቁን ሴትነት ተዛወረች። ደሞዟም መጥረጊያዋም ያው ነበሩ። ቀጥሎ «የእትዬ ሰልፌ ቤት» የሚባለው አስቂኝ ድራማ ተጻፈና ሰልፌን ሰጧት፦ ከቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የማትጠፋ፣ ዘይትም ቢሆን ስኳር፣ ልክ ተራዋ ሲደርስ የሚያልቅባት ሴት። ሳንሱር ያሳለፈው በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የአሻጥረኛ ነጋዴ መሆኑ ስለሚነገር ነው። ሕዝቡ መጨረሻውን አይሰማም፤ እስከዚያ ድረስ ስቆ ይደክመዋል።

ባለፈው ረቡዕ ስቱዲዮ ውስጥ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ፊቷን ዱቄት ተቀብታ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ የደም ብዛቷ ጣላት። ዱቄቱን ያጠበችላት ተሻለች ናት።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ እማማ በላይነሽ ከቡልቡላ መጡ። እማማ በላይነሽ አልቃሽ ናቸው፤ ከዝዋይ ወዲያና ወዲህ የእሳቸው ሙሾ ያልወረደበት የክርስቲያን ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። ተሻለችን ወደ ጓዳ ወሰዷትና እንደ ሐኪም ይጠይቋት ጀመር።

«ነገ ሰልስቱ ነው። ድንኳኑም ነገ ይፈርሳል፣ እኔም ነገ ነው ሙሾ የማወርድላት። ከፊት ማን ሄዷል? መልእክት የምትይዝላቸውን ንገሪኝ። ሟች ባዶ እጇን አትሄድም።»

«እናታችን አለች። አባታችንም። አጎታችን ገብረወልድ…»

«እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

እማማ በላይነሽ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩዋት። «መካን ነበረች እንዴ?»

ደጃፉ ላይ ድስት የምታጥበው የጎረቤቷ የኢፍቱ እጅ ቆመ። ተሻለች ነጠላዋን ማስተካከል ያዘች፤ ነጠላው ግን ምንም አልሆነም ነበር።

«አስቢበትና ንገሪኝ» አሉ አሮጊቷ። «ስሙ ያልተጠራ ሙት ይቀየማል።»

የሺዓለም አንድ ልጅ ወልዳ ብዙነህ አለችው። ሲወለድ ክብልል ያለ፣ ጉንጩ ዓይኑን የዋጠው ሕፃን ስለነበር የቤት ስሙ ድንቡሼ ሆነ። እናቱ አዲስ አበባ ሆና እመቤቶችን «እንግዳ መጥቷል» እያለች ስትውል ያሳደገችው ተሻለች ናት። ገላውን ያጠበች፣ ትምህርት ቤት ያስገባች፣ ኋላም ፍራሹ ሥር የደበቀውን የተከለከለ ወረቀት አግኝታ ያቃጠለች። ሁሉንም ግን አላገኘችውም።

በጥር 1970 አንድ ማለዳ የወንጂ መገንጠያ ላይ አምስት ልጆች ተጋድመው ተገኙ። ደረታቸው ላይ ካርቶን ተለጥፏል። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነጋሳ ጠመንጃውን አንግቶ በአምስቱ መካከል እየተመላለሰ «ይሄንን የሚያውቅ አለ?» ይላል፤ ቀጥሎ «ይሄንንስ?»። አውቃለሁ ያለ የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር። የሺዓለም የዚያን ዕለት በባቡር ደርሳ ነበር። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ አፏ ተከፈተ። ተሻለች የእህቷን የእጅ አንጓ ጨብጣ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ እስኪገባ ጨመቀችው።

«አናውቀውም» አለች ተሻለች። በግልጽ፣ ጮክ ብላ፣ ሰው እንዲሰማት።

አናውቀውም ላሉት ሰው ማን ያለቅሳል? ድንኳን አልተተከለም። ጎረቤት አልመጣም። ኢፍቱ ብቻ በጓሮ በኩል ገብታ በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ዋለች። በአራተኛው ቀን የሺዓለም ልምምድ አለብኝ ብላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የናዝሬት ሰው እንደ ልማዱ ቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑን ያያል። እትዬ ሰልፌ ዘይት አለቀባት፤ ሰዉ ሳቀ። የሷ ቃል እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እሷ ግን ጠርሙሷን አቅፋ መሬት ላይ ዘጭ አለችና ያንን ቀጭን ድምፅ ለቀቀችው፦ «ድንቡሼ! ወይኔ ድንቡሼዬ! የት ጣሉብኝ!»

አብሯት የሚጫወተው ሱቅ ሻጭ ለአፍታ ደነገጠ። ነገር ግን የድሮ ተዋናይ ነውና ቶሎ ያዘላት፦ «ድንቡሼ ደግሞ ማነው እትዬ ሰልፌ?»

ቀና ብላ አየችው። «ድመቴ» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነጋሳ ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እንባውንም በመለዮው ጠረገ። ተሻለች ብቻ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀመጠች። ያዩአት ሁሉ ሳቅ ያፈናት መሰላቸው።

አዘጋጁ ወደደው፣ ድመቱ የድራማው ቋሚ ነገር ሆነ። ሳንሱሩ የሺዓለምን ቢሮው አስጠርቷት ነበር።

«ጓድ የሺዓለም፣ ይህ ድመት ምንን ይወክላል?»

«ድመትን ነዋ ጓድ።»

«ለምን ጠፋ?»

«ወተት አጥቶ።»

ሳንሱሩ አሰበ፣ አሰበና ወተቱን ሰርዞ ድመቱን አሳለፈው።

እንዲህ ሆኖ በየሳምንቱ፣ በአገር ፊት፣ በመንግሥት መብራትና በመንግሥት ካሜራ፣ የሺዓለም ልጇን አለቀሰች። አገሩም በየሳምንቱ ሳቀ። «ኧረ ድመቷን መልሱላት!» የሚል ደብዳቤ ከየክፍለ ሀገሩ ጎረፈ። አንድ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴማ አዝኖላት እውነተኛ ድመት በቅርጫት አድርጎ ላከላት። ተቀበለችው። አበላችው፣ አጠጣችው፣ ስም ግን ሳታወጣለት አርጅቶ ሞተ።

እህትማማቾቹ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገሩም። የሺዓለም ለፋሲካ ስትመጣ የተሻለች ዓይን የእህቷ አንጓ ላይ ያርፋል፤ የሺዓለም እጅጌዋን ወደ ታች ትስባለች። በቃ፣ ይኸው ነበር።

«ተሹ፣ ተይ» አለች ኢፍቱ ድስቱን ደፍታ፣ እማማ በላይነሽ ወደ ድንኳኑ እንደተመለሱ። «የምታስቢውን አውቄዋለሁ። ነጋሳ አሁን የቀበሌ ሊቀ መንበር ነው። ያለሽበት ቤት የቀበሌ ነው። አናውቀውም ብለሽ ለሱው ለራሱ ነው የነገርሽው።»

«ስሙ ነገ ካልተነሳ መቼ ይነሳል?» አለች ተሻለች። «እናቱ ነበረች የምታለቅስለት፤ በድመትም ቢሆን። ድንኳኑ ሲፈርስ ማን ይቀርለታል?»

«አንቺ አለሽለት። በሆድሽ አልቅሺለት።»

«ስምንት ዓመት በሆዴ አለቀስኩ ኢፍቱ። አልወጣልኝ አለ።»

ኢፍቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ ርግማንም ጸሎትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ድስቱን እንደገና ማጠብ ጀመረች፤ ታጥቦ ያለቀውን።

የሰልስቱ ዕለት የናዝሬት ነፋስ አቧራውን እያነሳ ድንኳኑን ያርገበግበው ነበር። ሰው ከትናንቱ በዛ። ጓድ ነጋሳ ካኪ ልብሱን ተኩሶ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከቀበሌው ስም የተላከ የሐዘን ደብዳቤ አነበበ፦ «ጓድ ሰልፌ… ማለትም ጓድ የሺዓለም፣ ሕዝባዊ ሳቅን ለሰፊው ሕዝብ በማዳረስ ረገድ…» ደብዳቤው ረጅም ነበር። ሲጨርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለተሻለች «እህት ተሻለች፣ ሙች ስልሽ፣ ቅዳሜ ማታዬን ነው የወሰደችብኝ» አላት። ከልቡ ነበር የተናገረው። ያ ነው ተሻለችን ያቃጠላት።

እማማ በላይነሽ ተነሱ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ አንዴ አጨበጨቡ፣ ድንኳኑ ጸጥ አለ።

«ሰው ሁሉ ሳቀልሽ ጥርሱን እያወጣ፣
አንቺ ስትሄጂ ማን እንባውን ያምጣ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ እናትዮዋን ጠሩ፣ አባትየውን ጠሩ፣ አጎትየውን ጠሩ። ከዚያ ወደ ተሻለች ዞረው ቅንድባቸውን አነሱ። ሌላስ? ማለታቸው ነው።

ተሻለች ወደ ፊት ወንበሩ ዞረች። ነጋሳን አየችው፤ ንፍሮ እየቆረጠመ ነበር።

«ድንቡሼ» አለች ቀስ ብላ።

ቴሌቪዥን አይተው የማያውቁት እማማ በላይነሽ ስሙን እንደ ሰው ስም ተቀበሉት፦

«ስትደርሺ ንገሪው ለዚያ ለድንቡሼ፣
ልይህ ብዬ መጣሁ ዓመት ሙሉ አልቅሼ።»

በመጀመሪያ ከሴቶቹ ወገን አንዲት ተንከተከተች። ቀጥሎ ወንዶቹ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ፣ ሦስት ቀን የታፈነው ሳቅ ሁሉ፣ እንደ ግድብ ተነደለ። «ኧረ ድመቱ!» አለ አንዱ። «ድመቱን እኮ ሰማይ ቤት ነው የምታገኘው!» ያች የሻሸመኔዋ ሴትዮ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። ነጋሳ «ይገርማል! ይቺ ሴት ሞታም ታስቃለች!» እያለ ጭኑን መታ።

እማማ በላይነሽ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ሙሾ ባወረዱባቸው አርባ ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም።

ተሻለች እንደተረፈች ገባት። ስሙ ተጠርቷል፣ ማንም አላወቀም፣ ቤቷም ቤቷ ነው። ቁጭ ብትል ይበቃል። እህቷ ስምንት ዓመት የኖረችው እንዲህ ነበር፤ ይህችን በምታህል ቀዳዳ እየተነፈሰች።

ቁጭ አላለችም።

«ድመት አይደለም» አለች።

ሳቁ አልሰማትም። ደገመችው፤ ያን ጊዜ መገንጠያው ላይ በተናገረችበት ድምፅ፣ በግልጽ፣ ሰው እንዲሰማት፦ «ድንቡሼ ድመት አይደለም! ድንቡሼ ልጇ ነው። ብዙነህ። እኔ ያሳደግሁት፣ የወንጂ መገንጠያ ላይ የተጣለው። ስትስቁበት የከረማችሁት የሱ ለቅሶ ነው።»

ነፋሱ ብቻ ቀረ። አንዳንዱ አፉ እንደተከፈተ ነበር፤ ሳቁን ውጦ ይዝጋው ወይስ ይተወው አላወቀም። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አነሱ። በድንኳኑ ውስጥ የራሳቸውን ሦስተኛ፣ የራሳቸውን አራተኛ እዚያ መንገድ ላይ አናውቀውም ብለው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርስ አልተያዩም።

«እህት ተሻለች» አለ ነጋሳ። ንፍሮው እጁ ውስጥ ነው። «ያኔ… እኔ ጠይቄሽ ነበር።»

«ጠይቀውኛል ጓድ ነጋሳ። አላውቀውም አልኩዎት። አውቀው ነበር።»

ነጋሳ ንፍሮውን ወደ ሳህኑ መለሰ። ይነሳል ሲሉት አልተነሳም። ኢፍቱ ከጓዳ ወጥታ መጣችና ተሻለች አጠገብ ቆመች።

ከሁሉ ቀድመው የተናገሩት እማማ በላይነሽ ናቸው። መንግሥትም ቴሌቪዥንም አልገባቸውም፤ የገባቸው አንድ ሙት ሳይለቀስ መቅረቱ ነው። እሱ ደግሞ ሥራቸው ነው።

«ታዲያ ይሄንን ትናንት አትነግሪኝም ኖሯል?» አሉ ተቆጥተው። ነጠላቸውን ፈትተው እንደ አዲስ ወገባቸውን አጠበቁ። «መልኩን ንገሪኝ እንጂ ልጄ። ሳላውቀው እንዴት አለቅስለታለሁ? ድንቡሼ ያላችሁት… አጭር ነበር? ወፍራም ነበር?»

ተሻለች «ኧረ አይደለም» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ቁመቱን ልታሳያቸው ቀኝ እጇን መዳፏን ዘርግታ ወደ ላይ አነሳች፤ ከትከሻዋ በላይ፣ ከግንባሯ በላይ፣ ከራሷ በላይ። አልበቃም። ተረከዟ ከጫማዋ ወጣ፣ በእግሯ ጣቶች ቆመች፣ እጇም አሁንም ወደ ላይ እየሄደ ነበር።